የስልክ ሩሌት እውነተኛ ዕጣ ነው ወይስ የተሰናዳ? 740 ዙር በደብተር ጽፌአለሁ

የጨሞጋ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ወረድ ብሎ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ከቀትር በኋላ ዝናቡ ሲጀምር እስከ ማታ የሚገባ ደንበኛ የለም። ታናሽ ወንድሜ ከጥግ ተቀምጦ በስልኩ ሩሌት ይጫወታል። መጀመሪያ ዝም አልኩት። በኋላ የራሱ ገንዘብ አልቆ ከእኔ ሲበደር ግን ነገሩ ከነከነኝ።

ከዜሮ እስከ 36 ድረስ 37 ቁጥሮች አሉ፤ የሚወጣውን ቁጥር ወይም ቀለም ገምተህ ገንዘብ ትመድባለህ። ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ጥቁር፣ ዜሮው አረንጓዴ። የሚሽከረከር መንኮራኩር የለም፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ሥዕል ነው። እኔም ደብተር አውጥቼ በቀን 37 ዙር፣ ለ20 ቀን ጻፍኩ። በጠቅላላው 740። እያንዳንዱ ቁጥር 20 ጊዜ ቢወጣ ደስ ባለኝ። 17 ቁጥር ግን 31 ጊዜ ወጣ፣ 26 ቁጥር 9 ጊዜ ብቻ። አንድ ቀን ደግሞ ጥቁር ዘጠኝ ጊዜ ተከታትሎ ወጣ፤ ወንድሜ በቀይ ላይ እየደረበ የተበላው ያን ዕለት ነው። ይህ ማሽን ሰው እያየ የሚበላ አይመስላችሁም?

ዕድለኛው (ፍኖተ ሰላም)

ያያል እንጂ! አዲስ ሲገቡ ያበላል፣ ሲለምዱ ይበላል። እኔ ከአንድ ዓመት በላይ ተጫውቻለሁ። መፍትሔው መደረብ ነው። በቀይ 50 ብር መድብ፤ ከተበላህ 100፣ ከዚያ 200፣ እንዲያ እያልክ። አንድ ጊዜ ቀይ ሲወጣ የተበላኸው ሁሉ ተመልሶ 50 ብር ትርፍ ይቀርሃል። ማሽን ቢሆን እንኳን ዝንተ ዓለም ጥቁር ሊያወጣ አይችልም።

ገበጣ (ሞጣ)

የሒሳብ መምህር ነኝ። በመጀመሪያ ደብተር ይዞ 740 ዙር የጻፈ ሰው በማግኘቴ ተደስቻለሁ፤ ተማሪዎቼን ሠላሳ ጊዜ ሳንቲም ወርውራችሁ ጻፉ ስላቸው አሥረኛው ላይ ሰልችተው ቀሪውን ከልባቸው ፈጥረው ያመጣሉ። ከልብ የተፈጠረውን በአንድ ዓይን እለየዋለሁ። አምስት ወይም ስድስት ጊዜ የተከታተለ ዘውድ የለበትማ! ሰው ዕጣን ሲያስመስል እኩል አድርጎ ይበትነዋል። እውነተኛ ዕጣ ግን እየተከማቸ፣ እየተጎደለ ነው የሚሄደው።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ በ740 ዙር የአንድ ቁጥር ድርሻ በአማካይ 20 ነው፤ የተለመደው መዋዠቅ ግን 4.4 ያህል ነው። ስለዚህ አንድን ቁጥር አስቀድመህ መርጠህ ብትጠብቀው ከ11 እስከ 29 ቢወጣ ምንም አያስገርምም። አንተ ግን አስቀድመህ 17ን አልመረጥክም። 37ቱንም አይተህ ከሁሉ የበዛውን አወጣህ። ከ37 ሰዎች መካከል ረጅሙን ጠርተህ «ይህ ሰው ለምን ረዘመ?» እንደማለት ነው።

ስለ ተከታታይ ጥቁር ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 1913 በሞንቴ ካርሎ ካዚኖ ጥቁር 26 ጊዜ ተከታትሎ ወጥቷል። ያኔ ኮምፒውተር የለ፣ ስልክ የለ፤ የእንጨት መንኮራኩርና ኳስ ነበር። ሰዉ «አሁንስ ቀይ ደርሷል» እያለ ገንዘቡን ከምሮ ባዶ እጁን ተመለሰ። ኳስ ያለፈውን አያስታውስም።

የ37ቱንም ቁጥሮች ድምር ላክልኝ፤ በአግባቡ አሰላዋለሁ።

የዋሸራ ተማሪ (ደጀን)

አንድ ነገር ልጠይቅ። ሁላችሁም «የዘፈቀደ ቁጥር» ትላላችሁ። «ዘፈቀደ» በግእዝ «የፈቀደ፣ የወደደ» ማለት ነው። ሰሙ ማንም ያልወሰነው ቁጥር ነው፤ ወርቁ አንድ ሰው የፈቀደው ቁጥር። የእናንተን ማሽን ማን ፈቀደለት?

ዕጣማ እናውቃለን። በይሁዳ ፈንታ ሐዋርያ ሲተካ ዕጣ ተጥሎ ለማትያስ ወጣ። ነገር ግን አሥራ አንዱም ቆመው እያዩ ነው።

ደንገል (ባሕር ዳር)

የዋሸራው ወንድማችን በቀልድ የተናገረው የሙያዬ ዋና ጥያቄ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊ ነኝ፤ የቁማር ፕሮግራም ግን ጽፌ አላውቅም።

ኮምፒውተር ብቻውን ዕጣ ማውጣት አይችልም። የታዘዘውን ብቻ የሚያደርግ ዕቃ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው አንድ መነሻ ቁጥር ተሰጥቶት ያንን በቀመር እያባዛና እያገላበጠ ዕጣ የሚመስል ሰንሰለት ማውጣት ነው። መነሻውን ቁጥር «ዘር» እንለዋለን። ዘሩ አንድ ከሆነ አዝመራውም አንድ ነው፤ ያንኑ ዘር ስትሰጠው ያንኑ ሰንሰለት ሳያዛንፍ ይደግመዋል። ስለዚህ ምሥጢሩ ሁሉ ያለው ዘሩ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 በሞንትሪያል ካዚኖ ዳንኤል ኮሪቮ የተባለ ሰው በኤሌክትሮኒክ ኬኖ (የሚወጡትን ቁጥሮች አስቀድሞ የመገመት ጨዋታ) ከ20 ቁጥሮች 19ኙን ሦስት ጊዜ ተከታትሎ አገኘ። 600,000 የካናዳ ዶላር ያህል ወሰደ። አጭበርብሯል ተብሎ ቢመረመር ጥፋቱ የማሽኑ ሆኖ ተገኘ፤ ጠፍቶ ሲነሣ ሁልጊዜ ከአንድ ዘር ይጀምር ነበር። ዛሬ የወጣው ሰንሰለት ነገም ይወጣል ማለት ነው። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት አገር እንዲህ ያለ ማሽን ቢኖር ስንቱ ሀብታም በሆነ!

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 በኢንተርኔት ፖከር ካርታ የሚበውዝ አንድ ፕሮግራም ተመረመረ። 52 ካርታ የሚበወዝበት መንገድ 68 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው። ያ ፕሮግራም ግን ዘሩን የሚወስደው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ካለፈው ሚሊ ሰከንድ ስለነበር በቀን ከ86.4 ሚሊዮን የበለጠ መነሻ አልነበረውም። ለሰው ብዙ ነው፤ ለኮምፒውተር ቁርስ አይሆነውም። መርማሪዎቹ አምስት ካርታ ካዩ በኋላ በሌሎቹ ተጫዋቾች እጅ ያለውን ሁሉ ማወቅ ችለዋል።

ዛሬ በደንብ የተሠራ ማሽን ዘሩን ከተፈጥሮ ይወስዳል። በኤሌክትሪክ ዕቃ ውስጥ ከሙቀት የሚመጣ ማንም ሊተነብየው የማይችል ረብሻ አለ፤ እርሱን ይለካና ዘር ያደርገዋል፣ በየጊዜውም ያድሰዋል። እንዲህ ከሆነ ከእንጨት መንኮራኩር ይሻላል እንጂ አያንስም። መንኮራኩር ያረጃል፣ ያዘነብላል።

ስለዚህ «ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ዕጣ አይደለም» የሚለው ትክክል አይደለም። «በደንብ መሠራቱን በምን አውቃለሁ?» የሚለው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

የቡሬ ሰው (ቡሬ)

በውጭ አገር በአንድ ትልቅ ካዚኖ ስድስት ዓመት የማሽን ጥገና ሠርቼ ተመልሻለሁ። አሁን ንብ አነባለሁ። ያየሁትን ልጻፍ።

ኤሌክትሮኒክ ሩሌት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በመስታወት የተከደነ እውነተኛ መንኮራኩር አለው፤ ኳሱን ሰው ሳይሆን አየር ይወረውረዋል፣ ሰዎች ዙሪያውን በየስክሪናቸው ይመድባሉ። ሁለተኛው የወንድምህ ዓይነት ነው፤ ቁጥሩን ፕሮግራሙ ያወጣና ከዚያ ሥዕሉን ያሽከረክራል። ይህን ልብ በሉ፦ ሥዕሉ መሽከርከር ሲጀምር ቁጥሩ ወጥቶ አልቋል። ኳሷ ከ17 አጠገብ ተንቀጥቅጣ ወደ 34 ስትገባ ልብህ የሚዘለው በከንቱ ነው። ለዓይን የተሠራ ተውኔት ነው።

እኛ ዘንድ የማሽኑ ልብ ያለበት ክፍል ታሽጎ ነበር። ማኅተሙ በተቆጣጣሪ ፊት ካልሆነ አይሰበርም። በውስጡ ያለው ፕሮግራም የተፈቀደው ራሱ መሆኑ በመለያ ቁጥር ይመሳከራል። ፕሮግራሙን የሚፈትሹ ከካዚኖውም ከፋብሪካውም ውጭ የሆኑ ቤተ ሙከራዎች አሉ። በአሜሪካ በኔቫዳ ግዛት ደግሞ ሕጉ የእውነተኛ ጠረጴዛን ጨዋታ የሚያሳይ ማሽን ዕድሉ ከእውነተኛው ጋር አንድ እንዲሆን ያስገድዳል። የካርታ ሥዕል ካሳየህ 52 ካርታ ያለው እውነተኛ ጥቅል መሆን አለበት። ሦስት ፍሬ የሚያሰልፈው ማሽን ግን ይህ ግዴታ የለበትም፤ ሎሚው ከቼሪው አሥር እጥፍ እንዲወጣ ቢደረግ ሕጋዊ ነው። ሰዎች ሁለቱን እየቀላቀሉ ነው የሚከራከሩት።

ይህ ሁሉ ግን ተቆጣጣሪ ባለበት ነው። ተቆጣጣሪም ሰው ነው። በዚያው በኔቫዳ ሮናልድ ሃሪስ የተባለ ሰው ማሽኖችን ለመንግሥት የሚፈትሽ ባለሙያ ሆኖ ሳለ ራሱ ተንኮል ይከትባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ኬኖ አስቀድሞ በመተንበይ 100,000 ዶላር በባልደረባው በኩል ሊወስድ ሲል ተያዘ።

ደንገል (ባሕር ዳር)

የኤዲ ቲፕተንም ታሪክ ከዚሁ ነው። በአሜሪካ የብዙ ግዛቶች ሎተሪ የመረጃ ደኅንነት ኃላፊ ነበር። ቁጥር በሚያወጣው ፕሮግራም ውስጥ በዓመት በሦስት የተወሰኑ ቀናት ብቻ የሚነቃ መስመር ጨመረ፤ በቀሪዎቹ ቀናት ፕሮግራሙ ንጹሕ ዕጣ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 የ16.5 ሚሊዮን ዶላር ዕጣ በዚህ መንገድ ወጣ። በ2017 እስከ 25 ዓመት እስር ተፈረደበት።

ይህን ያነሣሁት ለመምህር ገበጣ ነው። የ740 ዙር ስሌት እንዲህ ያለውን ተንኮል አይደርስበትም።

የጨሞጋ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

የ37ቱንም ድምር ለመምህር በውስጥ መስመር ልኬአለሁ። ደብተሩ ላይ ቡና ስለፈሰሰ የ8 እና የ9ን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ።

ገበጣ (ሞጣ)

ደርሶኛል። የእያንዳንዱን ቁጥር ከ20 ያለውን ልዩነት በራሱ አባዝቼ፣ ለ20 አካፍዬ ስደምረው 41.3 መጣ። ለ37 ቁጥሮች ከ51 በላይ ሲሆን ነው መጠርጠር የምንጀምረው። ስለዚህ የወጡት ቁጥሮች ከእውነተኛ ዕጣ ጋር አይጋጩም። 17ህም 26ህም በደንብ ይስተናገዳሉ።

ደንገል ያለው ግን እውነት ነው፤ ስሌቱ የሚያሳየው ቁጥሮቹ በአግባቡ መበተናቸውን ብቻ ነው። ማሽኑ ሰው ምን ላይ እንደመደበ አይቶ ቢወስን፣ በድምሩ 37ቱንም እኩል እያወጣ መብላት ይችላል። ስለዚህ ሌላ ነገር እፈልጋለሁ። ወንድምህ ገንዘብ የመደበባቸውን ዙሮች ለብቻ አውጣልኝ። ያን ጊዜ ቀይ ስንት ጊዜ ወጣ? በጠቅላላው ስንት ብር መደበ? ስልኩ ላይ መዝገብ መኖር አለበት።

የዕቁብ ጸሐፊ (ዳንግላ)

እናንተ ወንዶች በቁጥር ተጠምዳችሁ ቀላሉን ነገር ዘለላችሁት። እኔ የሃያ ነጋዴዎች ዕቁብ ጸሐፊ ነኝ። ዕጣ ስናወጣ እንዲህ ነው፦ ገና ያልደረሳቸው ሰዎች ስም በእኩል ወረቀት ይጻፋል፣ እኩል ይጠቀለላል፣ ዳኛው ቆጥሮ ኩባያ ውስጥ ይከትታል፣ ይነቀንቃል፣ ፊደል ያልቆጠረ ሕፃን ያወጣል። አንድ ጊዜ አንዱ ወረቀት ወፈር ብሏል ተብሎ በሙሉ እንደ አዲስ ጽፈናል። ሁለት ሰዓት ፈጀብን፤ ቡናውም ቀዘቀዘ። ግን ማንም ቅር ሳይለው ሄደ።

አሁን ዋናውን ልበል። በእኛ ዕቁብ ዕጣው የሚወስነው መቼ እንደሚደርስህ ነው እንጂ ስንት እንደሚደርስህ አይደለም። ሃያ ሰው 1,000 ብር ከጣለ 20,000 ወጥቶ 20,000 ይሄዳል። ዳኛው አንድ ሺውን ይዞ «19,000 ወስደሃል፣ ዕጣው ግን ንጹሕ ነው» ቢለን ምን እንለዋለን? ልጁ የዕጣውን ንጽሕና ጠየቀ፣ እናንተም መለሳችሁ። ክፍያውስ?

ገበጣ (ሞጣ)

እትዬ፣ ከእኔ የተሻለ አስተማሪ ኖት። በአንድ ቁጥር ላይ 1 ብር መድበህ ቢወጣልህ ሩሌት 35 ብር ይከፍልህና የመደብከውን 1 ብር ይመልስልሃል፤ 36 ብር መሆኑ ነው። ቁጥሮቹ ግን 37 ናቸው። በ37ቱም ላይ አንድ አንድ ብር ብትመድብ ማሽኑ የፈለገውን ቢያወጣ 37 ሰጥተህ 36 ትቀበላለህ። ያቺ አንዲት ብር 2.7 በመቶ ናት። ሁለት ዜሮ ያለው የአሜሪካኖቹ መንኮራኩር ደግሞ 38 ቁጥር ይዞ ያንኑ 36 ይከፍላል፤ 5.26 በመቶ ይሆናል። ማጭበርበር ሳያስፈልግ፣ በይፋ ተጽፎ።

ለዚህ ነው አቋማሪው ቤት እውነተኛ ዕጣ የሚወደው። በቀይ ላይ እኩል እየመደበ 10,000 ዙር የሚጫወት ሰው አትርፎ የመነሣት ዕድሉ ከ300 አንድ እንኳን አይሞላም ብል አልተሳሳትኩም፤ ከዚያ እጅግ አይርቅም። ቤቱ የሚያስፈልገው ብዙ ዙር ብቻ ነው።

የቡሬ ሰው (ቡሬ)

የኤሌክትሮኒኩ ጥቅምም ይኸው ነው። ሰው በሚያጫውትበት ጠረጴዛ ላይ ቺፕ (በገንዘብ ምትክ የሚመደብ ክብ) ይለቀማል፣ ይቆጠራል፣ ይከፈላል። ማሽኑ ይህን ሁሉ በሰከንድ ይጨርሳል። ያው 2.7 በመቶ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚያልፍብህ አስበው። እኛ ዘንድ አለቆቹ ስለ ዕድል ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም፤ የሚያወሩት ስለ ዙር ብዛት ነበር።

ዕድለኛው (ፍኖተ ሰላም)

ሁሉም ሊቅ ሆነ። እኔ ባለፈው ወር በመደረብ 2,000 ብር አግኝቻለሁ። ይህንን በስሌት አስተባብሉልኝ።

የጨሞጋ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

መምህር፣ መዝገቡን ከወንድሜ ጋር አየነው። ማሳየት አልፈለገም ነበር። 112 ዙር መድቧል፤ ሁሉንም በቀይ ላይ። 52 ጊዜ ወጣለት። ከ50 ብር እየጀመረ፣ ሲበላ እጥፍ እያደረገ ነበር። ስድስት ጊዜ ከተከታተለበት ገንዘብ ያልቅበታል፤ ይህ ሁለት ጊዜ ደርሶበታል። የመጀመሪያው የራሱ ገንዘብ፣ ሁለተኛው የእኔ። በጠቅላላው 18,500 ብር መድቦ 3,700 ብር ተበልቷል።

ገበጣ (ሞጣ)

እግዚአብሔር ይስጥህ፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ መዝገብ ለክፍል አገኘሁ ማለት ነው።

በ112 ዙር ቀይ በአማካይ 54 ወይም 55 ጊዜ መውጣት አለበት። 52 ወጣ። አምስት ያህል ቢዋዥቅ የተለመደ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ሲመደብም ሳይመደብም ማሽኑ አልተለወጠም። በዚህ መዝገብ መሠረት ወንድምህን ማንም አላየውም።

አሁን ለዕድለኛው። 52 ጊዜ በወጣለት ቁጥር 50 ብር አተረፈ፤ 2,600 ብር። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቢጽፍልን ኖሮ «መደረብ ይሠራል» ይለን ነበር። ሁለቱ የከሸፉት ግን እያንዳንዳቸው 50፣ 100፣ 200፣ 400፣ 800፣ 1,600 ናቸው፤ 3,150 ብር። ሁለት ጊዜ 6,300። 2,600 ሲቀነስ 3,700። ሳንቲም አልጎደለም።

ስድስት ጊዜ መከታተል ብርቅ ይመስላል። ከ37ቱ ቀይ ያልሆኑት 19 ናቸው፤ ያንን ድርሻ (19/37) ስድስት ጊዜ እርስ በርሱ አባዛው፤ ከ55 ሙከራ አንድ ጊዜ ያህል ይደርሳል። ወንድምህ 54 ጊዜ ሞከረ። አንድ ቢደርስበት ይገባው ነበር፣ ሁለት ደረሰበት። መደረብ ኪሳራውን አያጠፋውም፤ ጥቃቅኑን ሁሉ ሰብስቦ ለአንድ ቀን ያከማቸዋል። ዕድለኛው ያ ቀን ገና አልደረሰህም፤ ወይም ደርሶ አልጻፍክልንም።

ዕድለኛው (ፍኖተ ሰላም)

ግንቦት ላይ ደርሷል። ስንት እንደሆነ አልናገርም።

የዋሸራ ተማሪ (ደጀን)

ይህ መልስ ከቅኔ ይበልጣል።

ደንገል (ባሕር ዳር)

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አንዳንድ የኢንተርኔት ጨዋታዎች ቁጥሩን ከመመደብህ በፊት አውጥተው ፖስታ ውስጥ እንደተከተተ ያህል በማኅተም ያሽጉትና ማኅተሙን አስቀድመው ያሳዩሃል። ዙሩ ሲያልቅ ፖስታው ይከፈታል፤ ማኅተሙ ቁጥሩን ከመሰለ አይተውህ እንዳልወሰኑ ታረጋግጣለህ። እትዬ ሕፃኑን በሁሉ ፊት እንደሚያስወጡት ነው። የወንድምህ ጨዋታ ይህን ያሳያል? ካላሳየስ ከታች የፈቃድ ቁጥርና የፈተሸው ቤተ ሙከራ ስም አለ? ካለ ስሙን እዚህ አትጻፍ፤ ምልክቱን ብቻ ተጫነውና የት እንደሚወስድህ ንገረን።

የጨሞጋ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

አሁን አየሁት። ፖስታና ማኅተም የሚባል ነገር የለውም። ከታች ወርቃማ ክብ ምልክት አለ፤ «የተረጋገጠ ፍትሐዊ ጨዋታ» ይላል፣ ዙሪያውን ኮከብ አለው። ተጫንኩት። የትም አይወስድም። አጠገቡ ያለውን ጽሑፍም ተጫንኩ። ወንድሜም በራሱ ስልክ ሞከረ። ሥዕል ነው።

የዕቁብ ጸሐፊ (ዳንግላ)

ማን ፈተሸው ይላል?

የጨሞጋ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

አይልም። እንዲህ ያለ ማኅተም እኔም በሱቄ በአምስት ብር አትማለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ለአንድ የሠርግ መጥሪያ ተመሳሳዩን ሠርቻለሁ። ወንድሜ ኮከቦቹን ሲቆጥር ነበር፤ በአንዱ በኩል ስድስት፣ በሌላው አምስት ናቸው አለኝ።